ሦስት ጊዜ ጧ

ይህ ነገር ሆኗል። ፈጠራ ነው የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም። አንብቦ ጨርሶ ከሥር "እህቴ፣ ሐኪም እዪ" ብሎ የሚጽፍልኝን ሰው የምታገሥበት ትዕግሥት አልቆብኛል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ዝናብም አልዘነበም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉን የምታሞቅበት፣ ጎረቤት ልብስ የሚያሰጣበት ሰዓት ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይሆናል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዬ አለች። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። መኪናዋ ሞተር ስላላት ስትሠራ ቤቱን ታናውጠዋለች። በዚህ የተነሳ ታላቅ ወንድሜ "ሞተሬ" ይለኛል። በስሜ የጠራኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ስፌት ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ቁራጭ ክር መጣል አትወድም ነበር። በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልላ፣ ጫፉን ወሽቃ፣ መኪናዋ ላይ እጄ አጠገብ ታስቀምጥልኛለች። "ነገ ትፈልጊዋለሽ" ትለኛለች።

ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል የሷ ነው።

ነበር።

አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አንደበቷም አብሮ ተያዘ። ግራ እጇና ዓይኗ ብቻ ቀሩ።

ከዚያ ዝንቦቹ መጡ።

ሰው ዝንብን የሚንቀው እጁ እስከሠራ ድረስ ነው። እናቴ ተኝታ፣ አንዲት ዝንብ ከከንፈሯ ጫፍ ተነስታ እስከ ዓይኗ ጥግ ስትሄድባት ታያለች። እጇን እስክታነሳ ትበርራለች፣ እጇን ስታወርድ ትመለሳለች። አንጀቴ እርር ይል ነበር። በአንዲት ዝንብ ላይ እንደዚያ መናደድ ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የዝንብ መድኃኒት ልንፋ ስል ከመተኛት ብዛት የወጣባትን ቁስል ልታጥብ የምትመጣው ነርስ ከለከለችኝ። "ደረቷ አይችለውም" አለችኝ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ራኬቱን ገዛሁ።

ታውቁታላችሁ። የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ የሚመስል፣ የሽቦ መረብ ያለው፣ ዝንብም ትንኝም ሲነካው ጧ የሚል። የኛው ቢጫ ነው። እጀታው ላይ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው አውራ ጣት የሚያርፍበት ቁልፍ ነው፤ እሱን ሲጫኑት መረቡ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሁለተኛው ጎኑ ላይ ያለ ማብሪያ ነው፤ እሱ ካልተከፈተ ቁልፉን ቀኑን ሙሉ ቢጫኑት ምንም የለም። ሲከፈት ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል።

ይህን ማብሪያ ልብ በሉልኝ።

ድርቅ ያለ ነው። አንዱ እጅ ራኬቱን ይዞ ሌላው በጥፍር መግፋት አለበት። እናቴ ሌላ እጅ አልነበራትም። ስለዚህ ማታ ማታ ራኬቱን ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ፣ ጠዋት ማብሪያውን ከፍቼ ግራ እጇ ውስጥ አስገባላታለሁ።

የመጀመሪያዋን ዝንብ የመታች ቀን ሳቀች። በግማሽ አፏ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ሳሎን ውስጥ አለቀስኩ።

ቀስ በቀስ ራኬቱን መናገሪያ አደረገችው። መረቡን የአልጋዋ ብረት ላይ ስታስነካው ጧ ይላል። ከሞተሬ በላይ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጧ ካለ "ነይ" ነው። ሁለት ጊዜ "ውኃ"። ሦስት ጊዜ "አዙሪኝ"።

ሦስቱ ሲመጣ የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። በጀርባዋ ብዙ ከቆየች ምራቋ ወደ ኋላ እየሄደ ያፍናታል። "መጣሁ እማ" እላለሁ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣ ትራስ በቁመቱ አጥፌ ከጀርባዋ አስደግፋለሁ። የትራሱን አስተጣጠፍም ያሳየችኝ እሷ ናት፣ አያታችንን ስታስታምም።

ወንድሜ ድምፁን አይወደውም ነበር። ደላላ ነው፣ ስልክ ላይ ነው የሚኖረው። "ይሄ ነገር ጆሮዬን በላው" ይላል። ተነስቶ አንዲት ብርጭቆ ውኃ ሰጥቷት ግን አያውቅም።

ቅዳሜ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ዩኒፎርሙን በዚያው ቀን ማድረስ ነበረብኝ።

"ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አለኝ ወንድሜ።

"በየግማሽ ሰዓቱ እያት ወንድም ጋሼ። ሦስት ጊዜ ከጮኸ አዙራት። ትራሱን ደግሞ..."

"ሂጂ አልኩሽ እኮ ሞተሬ። ለኔስ እናቴ አይደለችም እንዴ?"

ሄድኩ።

የተመለስኩት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

እናቴ በጀርባዋ ነበረች...

ራኬቱ እጇ ውስጥ ነው። አውራ ጣቷ ቁልፉን እንደተጫነ ደርቋል። ላላቅቀው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ከንፈሯ ላይ ዝንብ ይሄዳል። ቀዩ መብራት አልበራም።

ወንድሜ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ወይኔ እናቴ" አይደለም።

"ቻርጅ... አላደረግሽውም እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

ራኬቱን ከእጇ አላቆ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለው።

ቻርጅ አድርጌው ነበር? በየማታው እሰካዋለሁ። ግን ያን ማታ ዩኒፎርሙን ለመጨረስ መኪናዬ ላይ አመሸሁ። ሰክቼዋለሁ? እጄ ያስታውሳል፣ ጭንቅላቴ አያስታውስም።

ለቅሶ ሊደርሱን በመጡት ሰዎች ፊት ወንድሜ ዓይኑን በጨው አጥቦ በስሜ ጠራኝ። "በሷ አትፍረዱ" አላቸው። "ቻርጅ ማድረጉን ረስታው ነው። ሥራ በዝቶባት ነው።"

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ እጄን ይዛ "አይዞሽ፣ ሰው ነሽ" አለችኝ። በቁሜ የቀበረኝ ያ አይዞሽ ነው።

አንድ ወር ሙሉ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ ኖርኩ።

ከወሩ በኋላ ወንድሜ ክፍሏን ያዘ። መስኮቱ ጥሩ ነው አለ። አልጋውን እንኳ አልቀየረም።

በሁለተኛው ቀን ክር ለመቀየር መኪናዬን አቆምኩ።

ጧ...

ጧ...

ጧ...

"መጣሁ እማ" ብዬ ተነሳሁ። ሮጥኩ። ትዝ ያለኝ የበሩን እጀታ ከያዝኩ በኋላ ነው።

እጄ እጀታው ላይ ቀረ።

እንደምንም በሩን ከፈትኩት። ወንድሜ የለም። መስኮቱ ዝግ ነው። ራኬቱ ሚስማሩ ላይ ይወዛወዛል... የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ አለ። መረቡ ላይ ግን አንዲት ዝንብ የለችም።

ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

በማግሥቱም በዚያው ሰዓት። በሦስተኛውም ቀን።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ሳሎኑ ውስጥ ዝንብ ሞልቷል። እስከ ክፍሏ ደፍ ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ደፉ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ።

ደግሞ ወንድሜ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጫማውን አጥልቆ ይወጣል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል።

"የት ነው የምትሄደው?"

"አየር ልወስድ።"

"ድምፁን ትሰማዋለህ አይደል?"

"የምን ድምፅ?" አለኝ። የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ግን ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

በአራተኛው ቀን እሱ እንደወጣ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆሜ ጠበቅኩ። ዓይኔን ከራኬቱ ላይ አልነቀልኩም።

ራኬቱ አልተንቀሳቀሰም።

ቁልፉ ግን... አውራ ጣት የሚያርፍበት ቁልፍ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አልተመለሰም።

ጧ... ጧ... ጧ...

ድምፁ የመጣው ከአልጋው ነው። የአልጋው ብረት ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፣ የሽምብራ ፍሬ እንኳ የማያክሉ። በጣቴ ስነካቸው ያቃጥላሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ራኬቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወሰድኩት። ሰፈሩ "ዶክተር" ይለዋል፣ ሞቶ የመጣለት ሬዲዮ ሁሉ ስለሚነሳለት።

"ምኑን ነው የሚያመው?" አለኝ።

"ባትሪው አልቆ ነበር። አሁን ደግሞ ራሱን በራሱ... ይጮኻል።"

እጀታውን በካቻቪቴ ፈታው። ባትሪውን በመለኪያው ነካ ነካ አደረገና ቅንድቡን ሰበሰበ።

"መጨረሻ ቻርጅ ያደረግሽው መቼ ነው?"

"ከወር በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።"

"እንግዲያው ይሄ ባትሪ አላለቀም፣ እህቴ። ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ዘግታችሁት ነው እንጂ።" እጀታውን ገልብጦ አሳየኝ። "ይኸው። ማብሪያው ዝግ ነው።"



"በራሱ... ሊዘጋ ይችላል?"

"ይሄ?" በጥፍሩ ሊገፋው ሞከረና እጁን አራገፈ። "ይሄ ጥፍር ነው የሚነቅለው።"

እናቴ አልዘጋችውም። እኔ ከፍቼ እጇ ውስጥ አስገብቼላት ነው የወጣሁት። ያን ቀን ቤት ውስጥ ሁለት እጅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። ቻርጅ አድርጌው ነበር። አልረሳሁም። አንድ ወር ሙሉ በሰው ጥፋት ራሴን ስበላ ከርሜያለሁ፣ እሱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ስበላ አይቶኛል።

"ባትሪውን አውጣልኝ" አልኩት። አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቤት ስደርስ ባትሪውን ክር ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። ማብሪያው ላይ ጥቁር ክር ሰባት ዙር ጠምጥሜ አጥብቄ ቋጠርኩ። ባትሪ የለው፣ ማብሪያው ታስሯል። እስቲ አሁን ይጩህ አልኩ። ከዚያ መልሼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ወንድሜ ሲተኛ ፊት ለፊቱ እንዲያየው ፈልጌ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጫማውን አጠለቀ። የውጭውን በር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

"ዛሬ አትወጣም።"

"ምን ሆነሻል ሞተሬ?"

"አንተ ነህ የዘጋኸው?"

"ምኑን?"

"ስልክህን ክፈት። የዚያን ቅዳሜ።"

"አብደሻል እንዴ..."

"ክፈት አልኩህ።"

ነጠቅሁት። የጥሪዎቹን ዝርዝር ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ... ያ ቅዳሜ። የገባ ጥሪ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ሃያ ሁለት ደቂቃ አውርቷል።

ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። ሶፋው ላይ ቁጭ አለ።

"ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነው" አለ። "ሦስት ጊዜ ጮኸ። እንደገና ሦስት ጊዜ። ሰውየው ምንድነው የሚጮኸው አለኝ... ገባሁና ዘጋሁት። 'ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ እማ' አልኳት።"

"አየችህ?"

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

"አየችህ ወይ ነው የምልህ።"

"...አየችኝ።"

"ከዚያስ?"

"ስልኩን ስጨርስ... እንቅልፍ ጣለኝ።"

"ለቀስተኛው ፊት ግን አልተኛህም።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ከዚያ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ተነስቶ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እኔም መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የነጭ ሸሚዝ እጅጌ መስፋት ጀመርኩ። ምን ላድርግ? እጄ የሚያውቀው እሱን ነው።

ጧ...

ጧ...

ጧ...

ሰዓቱን ማየት አላስፈለገኝም። ባትሪው አጠገቤ ቆርቆሮው ውስጥ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ትነሱ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔም ግማሽ ተነስቼ ነበር። ግን ያ "አምስት ደቂቃ" አላላውስ አለኝ።

"ለአምስት ደቂቃ" አልኩ ጮክ ብዬ።

ፔዳሉን ረገጥኩት።

ሞተሩ ጮኸ። ጧ ጧ ጧ ከሱ በላይ መጣ። አልጋው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፣ ቃል ያልሆነ... ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ይቅመሳት አልኩ። ሰፋሁ።

እንደገና ጧ ጧ ጧ።

እንደገና።

ከዚያ ቆመ...

ቀና ስል አሥር ሰዓት ሆኗል። ሁለቱን እጅጌዎች እርስ በርስ ሰፍቻቸዋለሁ።

በሩን ከፈትኩ።

የወንድሜ አፍ ወደ አንድ በኩል ወርዷል። ቀኝ እጁ የሱ ያልሆነ ይመስል ሥሩ ታጥፏል። አንሶላው ላይ አስታውኳል። ዓይኑ ግን በሕይወት አለ። በጎኑ ተኝቶ መስኮቱን እያየ ያለቅሳል።

በጎኑ ተኝቶ።

ከጀርባው ትራስ ገብቷል። በቁመቱ ታጥፎ።

ነርሷን ጠራኋት። እያለከለከች መጥታ አየችው። "እንደ እናታችሁ ነው" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በጀርባው ቢቆይ ኖሮ ባስታወከው ታፍኖ ነበር። እንኳን ቶሎ አዞርሽው።" ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ።"

ሆስፒታል የምናደርስበት መኪና ልትፈልግ ወጣች።

እኔና እሱ ብቻ ቀረን።

ቀና ብዬ ሚስማሩን አየሁ። የራኬቱ ቀይ መብራት በርቷል። ማብሪያው ክፍት ነው። ጥቁሩ ክር የለም። ወለሉን አየሁ፣ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። የትም የለም።

ፈራሁ ብላችሁ ውሸቴን ነው። ተናደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

"ለሱ ትመጫለሽ?" አልኩ ለባዶው ክፍል። "ገድሎሽ... ጥፋቱን በኔ ላይ ጥሎ እኮ ነው እማ። ወር ሙሉ ስንሰቀሰቅ አንድ ቀን እንኳ ጀርባዬን አልነካሽኝም። ለሱ ትራስ ታጥፊያለሽ?"

ወንድሜ በግማሽ አፉ የሆነ ነገር ሊል ሞከረ። ግራ አውራ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ባዶውን ይጫናል... ይለቃል... ይጫናል።

ሌላ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሳሎን ተመልሼ ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ባትሪው ወረቀቱ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው። ያበላሸሁትን ስፌት እንኳ ልተርትር ብዬ ቁጭ አልኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከዚያች ወንበር አልተነሳሁም ነበር። ሁለቱም እጆቼ እዚያ ጨርቅ ላይ ነበሩ።

እጅጌዎቹን ከመርፌው ሥር አነሳኋቸው።

ከሥራቸው የክብሪት እንጨት አለ። ጥቁር ክር ተጠቅልሎበታል፣ ጫፉ ተወሽቋል። የተቀመጠው እጄ በነበረበት በኩል ነው።